ለአክስቴ ገላ የእኔ ፊርማ

ዛሬ አክስቴን ይዤ ሆስፒታል ነበርኩ። የባዮፕሲው (ከሰውነቷ ተወስዶ የተመረመረው ናሙና) ውጤት ደርሷል። ዶክተሩ እሷን ኮሪደር ላይ ትቶ እኔን ብቻ ጠራኝ። በሩን ዘግቶ ነገረኝ። የጡት ካንሰር ነው። ወዲያው የኦፕሬሽን ፈቃድ ወረቀት አውጥቶ "እዚህ ጋ ፈርሚ" አለኝ።

እስክሪብቶውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የእኔ ጡት አይደለም እኮ! አክስቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ሦስት ልጅ አሳድጋለች፣ እስከ ዛሬ የሱቋን ሂሳብ የምትሠራው ራሷ ነች። ታዲያ ስለ ገዛ ገላዋ እኔ ልፈርም?

ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም የሚለው ባህላችን ይገባኛል። መርዶም ቢሆን ዘመድ ተሰብስቦ ንጋት ላይ ነው የሚረዳው። ግን መርዶ ያለቀ ነገር ነው፤ ይሄ ገና የሚወሰን ነው። የአገራችን የጤና ሕግ ራሱ ፈቃዱን የሚጠይቀው ከታካሚው ነው፣ ያውም በደንብ ከተረዳው በኋላ።

"ይቅርታ ዶክተር፣ እሷ ራሷ ትግባ" አልኩት። ቅር ያለው መሰለኝ፣ ግን ጠራት። ቀስ ብሎ አስረዳት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዝም ብላ ሰማችው። ከዛ መጠየቅ ጀመረች። ጡቴ ሙሉ በሙሉ ነው የሚወጣው? መድኃኒቱ ፀጉር ይነቅላል? ጥር ላይ የልጄ ሰርግ አለ፣ እስከዛ እድናለሁ? እኔ አንዱንም አላሰብኩትም ነበር።

ወረቀቱን "ቤት ወስጄ ልየው" አለች። አሁን ሳሎን መብራቱ ስር መነፅሯን አድርጋ፣ መስመር በመስመር በጣቷ እየተከተለች እያነበበችው ነው።