የአባሉን ቦታ መፈለግ፦ የእድራችን መዝገብና ማች

አራት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። መዝገቡን ከደብተር ወደ ኤክሴል ያዛወርሁት ከሰፈሩ የተነሡ አባላት እየበዙ ሲመጡ ነው። ቤታቸው ወደ ጀሞና ወደ አያት ቢርቅም እድራቸው እዚሁ ቀርቷል፤ መዋጮአቸውን በባንክ ይልኩና «የታኅሣሥ ገብቶልኛል?» ብለው ይደውላሉ። መልሱ በአንድ ጊዜ እንዲገኝ ፈለግሁ፤ በመጨረሻ የረዳኝ ማች (MATCH) የሚባለው የኤክሴል ፈንክሽን፣ ማለትም ዝግጁ ትእዛዝ ነው።

ሠንጠረዡ ቀላል ነው፤ ወደ ታች የአባላት ስም፣ ወደ ጎን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያሉት ወራት። ጳጉሜን መዋጮ ስለሌለባት ዓምድ አልተሰጣትም። እንደ ብዙ ሰው የጀመርሁት ፈልጎ ከጎኑ ያለውን በሚያመጣው በቪሉክአፕ (VLOOKUP) ነበር። ስሙን ያገኝና ከስሙ ዓምድ ጀምሮ 7ኛውን አምጣ ሲሉት ታኅሣሥን ያመጣል። ከዚያ ገንዘብ ያዣችን የስልክ ቁጥር ከስሙ አጠገብ ይግባ አሉ። ገባ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የታኅሣሥ ጥያቄ የኅዳርን መልስ ያመጣ ጀመር፤ 7ኛው ዓምድ አሁን ኅዳር ነዋ። የሚያስጠነቅቅ ምልክት እንኳ የለም። በዚያ ላይ ቪሉክአፕ ከሚፈልግበት ዓምድ ወደ ግራ ማየት ስለማይችል፣ ከስሙ በፊት ያለውን የአባል ቁጥር ሊሰጠኝ አልቻለም።

ማች የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ገንዘቡን አያመጣም፤ «የፈለግኸው ሰው በዝርዝሩ 12ኛ ነው» ብሎ ቦታውን ብቻ ይናገራል። ቦታውን ተቀብሎ ከዚያ ያለውን የሚያነሣው ኢንዴክስ ነው። አንድ ማች ለስሙ፣ አንድ ማች ለወሩ ተሰጥቶ ፎርሙላው እንዲህ ሆነ (ኤክሴል ላይ ፈንክሽኖቹ INDEX እና MATCH ተብለው ይጻፋሉ)፦

=ኢንዴክስ(መዋጮ፣ ማች(ስም፣ ስሞች፣ 0)፣ ማች(ወር፣ ወራት፣ 0))

አሁን የፈለጉትን ዓምድ ይጨምሩ፤ ወሩ በስሙ እየተፈለገ ስለሆነ የትም ቢሄድ ይገኛል።

ሁለት ነገር ልብ ይሏል። 12 የተባለው ከዝርዝሩ መጀመሪያ ተቆጥሮ ነው። ስሞቹ ከ5ኛው ረድፍ ከጀመሩ ሰውየው ያለው 16ኛው ረድፍ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው 0 ናት። ከተተወች ኤክሴል 1 ብሎ ይወስዳታል፤ ይህም ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረ ነው ብሎ የቀረበውን መፈለግ ማለት ነው። የእኛ አባላት የተጻፉት በገቡበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ ያለ 0 የሌላ ሰው ቦታ በልበ ሙሉነት ሊነግረን ይችላል። ፎርሙላ ዝም ብሎ ከሚዋሸኝ «#ኤን/ኤ» (#N/A)፣ ማለትም «አልተገኘም» ብሎ ቢጮህብኝ እመርጣለሁ።

ጩኸቱም አልቀረም። አንድ እሑድ የእድሩ ዳኛ ከጎኔ ቆመው ስም ሲያስፈልጉኝ፣ «ልጄ፣ እትዬ ፀሐይን ከእድር አወጣሃቸው እንዴ?» አሉኝ። እትዬ ፀሐይ አሉ፤ ከቀድሞው ደብተር የተገለበጡት ግን «ጸሀይ» ተብለው ነው። እኛ ስናነበው አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ጸ 4920፣ ፀ 4928 ቁጥር ያላቸው ሁለት ባዕዳን ናቸው፤ ሀ 4608 ሲሆን ሐ 4624 ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር አግኝቷልና ማች ምንም ማድረግ አይችልም። ዓለሙና አለሙ፣ ኃይሉና ሀይሉ፣ ሠናይትና ሰናይት ሁሉ እንዲሁ።

ስሞቹን ራሳቸውን አርም የሚል ምክር መጣ፤ አልተቀበልሁትም። ሰው ስሙን በፈለገው ፊደል ይጻፍ፤ የእድር ጸሐፊ የክርስትና አባት አይደለም። ይልቅ ከጎኑ ረዳት ዓምድ አበጅቼ አንዱን ፊደል በሌላ በሚተካው በሰብስቲቲዩት (SUBSTITUTE) ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መለስኋቸው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ። 5 ፊደላት በ7 ሲባዙ 35፣ ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37 መተካት ይሆናል። ኤክሴል አንዱን በሌላው ውስጥ እስከ 64 ደረጃ መክተት ስለሚፈቅድ በአንድ ፎርሙላ ያልቃል፤ ለዓይን ግን አይመከርም። በላዩ ላይ ትርፍ ክፍተትን የሚያስወግደውን ትሪም (TRIM) ጨመርሁበት፤ በስምና በአባት ስም መካከል ሁለት ጊዜ የተመታ ክፍተት ከፊደሉ ያልተናነሰ ያስቸግራል። የሚፈለገውም ስም በዚያው ፎርሙላ ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው።

ሞክሼ ስም ያላቸው አባላት ሲኖሩስ? ማች የመጀመሪያውን አግኝቶ ይቆማል፣ ሁለተኛውን አያውቀውም። በኤክሴል 2021ና በማይክሮሶፍት 365 ያለው አዲሱ የማች ዓይነት፣ ኤክስማች (XMATCH)፣ ከመጨረሻም መፈለግ ይችላል፤ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ግን እሱም አይረዳም። ስለዚህ ለመዋጮ የምንፈልገው አሁን በአባል ቁጥር ነው። ከባንክ የሚመጣው ዝርዝር ስሞችን በላቲን ፊደል ስለሚጽፍ ይህ ግድ ሆኗል፤ አባላት ገንዘብ ሲልኩ በምክንያቱ ቦታ ቁጥራቸውን እንዲጽፉ ተስማምተናል። የባንኩ 47 እንደ ጽሑፍ፣ የእኛ 47 እንደ ቁጥር ከተቀመጠ ማች አያገናኛቸውም፤ ቫልዩ (VALUE) በሚባለው ፈንክሽን ወደ ቁጥር እለውጠዋለሁ። ከዚያም የ«#ኤን/ኤ» መልሶችን አልሸፍናቸውም፤ ቁጥሩን ረስቶ የላከውን ሰው ፈልጌ የምደውለው በእነሱ ነው።