አኖቫው እና ሚክስድ ሞዴሉ አልገጥም ሲሉ መጀመሪያ የሚታየው መስመር

የዋሸራ በግ ማድለብ ሙከራ ጨርሶ፣ ዳታውን ይዞ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ፊት የተቀመጠ ሰው ሪፒትድ ሜዠርስ አኖቫ ልሥራ ወይስ ሚክስድ ሞዴል ማለቱ አይቀርም። ሁለቱም አንዱ በግ ደጋግሞ ሲመዘን መኖዎቹን የሚያወዳድሩ የስሌት ዘዴዎች ናቸው። እኔ ሁለቱንም ሠርቼ አወዳድሬያለሁ። እዚህ መጻፌ አንድ ነገር አንጀቴን ስላሳረረኝ ነው። ጎጃም ውስጥ መኖና እርባታ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሁለቱን ውጤት ይዞ ሲቀርብ ገምጋሚው «አልገጠሙም፤ እንግዲያው ሚክስዱ ተሳስቷል፣ ወደ አኖቫ ተመለስ» ይለዋል። ለምን እንዳልገጠሙ የሚጠይቅ የለም።

የሙከራው ቅርጽ ይህን ይመስላል፦ 24 ወንድ በግ፣ 4 ዓይነት መኖ፣ ለእያንዳንዱ መኖ 6 በግ። ሁሉም ድርቆሽና ፉርሽካ ይበላሉ፤ የኑግ ፋጉሎው ግን ደረጃ በደረጃ በተቆላና በተከካ ግብጦ ይተካል። ሚዛን በየ15 ቀኑ እስከ 90ኛው ቀን፣ ጠዋት መኖ ሳይቀርብላቸው። በድምሩ 144 ክብደት ማለት ነው።

አኖቫው ቀላል ነው። አንድ በግ አንድ ረድፍ፣ ስድስቱ ሚዛኖች ስድስት ዓምድ፤ ከዚያ አናላይዝ፣ ጀነራል ሊኒየር ሞዴል፣ ሪፒትድ ሜዠርስ። መማሪያ ጽሑፎች መጀመሪያ የሞክሊን ፈተና እዩ ይላሉ፤ በየሁለቱ የሚዛን ቀኖች መካከል ያለው የክብደት ለውጥ ስፋት (ቫሪያንስ) እኩል ነው የሚለውን ግምት፣ ማለትም ስፌሪሲቲን፣ የሚፈትሽ ነው። እኔ አላየውም። በዚህ የበግ ቁጥር አቅሙ ደካማ ስለሆነ ዝም ማለቱ ችግር የለም ማለት አይደለም። በቀጥታ ግምቱ ሲጣስ ውጤቱን የሚያርመውን የግሪንሃውስ ጋይሰርን መስመር ውሰዱ።

ለሚክስዱ ዳታውን በሪስትራክቸር ወደ ረጅም ቅርጽ ቀይሩት፤ እያንዳንዱ ሚዛን የራሱ ረድፍ ይኖረዋል። የበግ መለያው ከ1 እስከ 24 ይሁን። በየመኖው ከ1 እስከ 6 እየተባለ የተደጋገመ የጆሮ ቁጥር ካስገባችሁ፣ አንዱ በግ በአንድ ቀን አራት ጊዜ የተመዘነ መስሎት ሶፍትዌሩ ሥራውን ያቆማል። ደግነቱ ይህ ስህተት ጮሆ ይታያል።

ዝም ብሎ የሚያልፈው ሌላው ነው። ሚክስድ ሞዴልስ፣ ሊኒየር ሲባል መጀመሪያ የሚከፈተው መስኮት ላይ በጉን ሰብጀክትስ፣ ቀኑን ሪፒትድ ውስጥ ታስገባላችሁ። ከሥር ኮቫሪያንስ ታይፕ (የአንድ በግ ሚዛኖች እርስ በርስ የሚዛመዱበት መልክ) የሚል አለ፤ ሳይነኩት ሲቀር «ዲያጎናል» ይላል። ይህ ምርጫ ለየሚዛን ቀኑ የራሱን ቫሪያንስ ይሰጣል፤ በ15ኛው እና በ30ኛው ቀን ክብደት መካከል ያለውን ዝምድና ግን ዜሮ ያደርገዋል። በግ መዝኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ በመጀመሪያው ሚዛን የከበደው በግ በቀጣዩም ይከብዳላ! ሶፍትዌሩ ግን 144ቱን ክብደት ከ144 የተለያዩ በጎች እንደመጣ አድርጎ ያሰላል።

ጥፋቱ በሁለት አቅጣጫ ነው። የመኖው ፒ ቫልዩ (መኖዎቹ ባይለያዩም ይህን ያህል ልዩነት የመታየቱ ዕድል) ከሚገባው በላይ ያንሳል፣ ምክንያቱም የመረጃው ብዛት በሐሰት ተጋንኗል። የቀኑና የ«መኖ በቀን» ኢንተራክሽኑ ፒ ቫልዩ ደግሞ ከሚገባው በላይ ያድጋል፣ ምክንያቱም በበግና በበግ መካከል ያለው ልዩነት ከስህተቱ ላይ አልተቀነሰም። የግብጦ ሙከራ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ኢንተራክሽን ነው፤ በጎቹ በተለያየ ፍጥነት ማደጋቸውን የሚናገረው እሱ ነውና።

ማወቂያው ዲኖሚኔተር ዲኤፍ ነው፤ ስህተቱ ከስንት ነጻ መረጃ እንደተገመተ የሚናገር ቁጥር ማለት ነው። ፒ ቫልዩ ከማየታችሁ በፊት እሱን እዩ። 24 በግ ሲቀነስ 4 መኖ፣ ለመኖው 20 መሆን አለበት። በዲያጎናል ግን ወደ 120 ይወጣል። ገምጋሚዎቹ ይህችን ቁጥር ቢያዩ ክርክሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ማስታረቂያው እንዲህ ነው። ስድስቱም ሚዛን የተሟላላቸውን በጎች ብቻ ያዙ፤ ቀኑን በፋክተር (በቁጥርነት ሳይሆን በምድብነት) አስገቡ፤ ኮቫሪያንሱን ወደ ኮምፓውንድ ሲሜትሪ (የቀኖቹ ስፋትም ዝምድናም እኩል የሚሆንበት) ቀይሩ፤ ሬምል የሚለውን የግምት ዘዴ አትንኩ። የመኖው፣ የቀኑና የኢንተራክሽኑ ኤፍ (የልዩነቱና የስህተቱ ጥምርታ) ከአኖቫው «ስፌሪሲቲ አስዩምድ» መስመር ጋር እስከ ነጥቡ ይገጥማል፤ 24ቱም ከተሟሉ ዲኤፉ ለመኖው 20፣ ለቀኑና ለኢንተራክሽኑ 100 ነው። መነሻ ክብደትን በኮቫሪዬትነት (በማስተካከያ ተለዋዋጭነት) ካስገባችሁ ግን አኖቫው የ«ኮቫሪዬት በቀን» ኢንተራክሽንን ሳይጠይቅ ይጨምራል፤ ሚክስዱ ካልነገራችሁት አይጨምርም። እዚህም ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል።

ከገጠመ በኋላ የጎደላቸውን በጎች መልሱ። አራት በጎች አንድ አንድ ሚዛን ቢያመልጣቸው አኖቫው አራቱንም ሙሉ በሙሉ ይጥላል፤ በትክክል የተመዘነ 20 ክብደት ከንቱ ይቀራል። ሚክስዱ በ140ው ይሠራል። «በአማካይ ሙላው» የሚለውን ምክር አትስሙ፣ ያልተመዘነ ክብደት መፍጠር ነው። በጉ የወጣው ግብጦው መርሮት መኖ እምቢ ብሎ፣ ክስተቱም ሚዛን ላይ ሳይታይ ከሆነ ግን ሚክስዱም አያድናችሁም።

አሁን ኮቫሪያንሱን ምረጡ። በጎች እያደጉ ሲሄዱ የክብደታቸው ስፋት ስለሚጨምር፣ 7 ፓራሜትር ያለው ሄትሮጂኒየስ ኤአር ዋን (ለየቀኑ የራሱ ስፋት፣ ሚዛኖቹ ሲራራቁ የሚቀንስ ዝምድና) ለእንዲህ ያለ ዳታ ይስማማል። ኤአይሲ (ሞዴሎች የሚወዳደሩበት ቁጥር) ስታወዳድሩ ፊክስድ ኢፌክቶቹ (መኖ፣ ቀንና ኢንተራክሽናቸው) አንድ ዓይነት ይሁኑ። ትንሹን ኤአይሲ ውሰድ የሚለውን መመሪያ ግን በጭፍን አልከተልም፤ አንስትራክቸርድ (ሁሉንም ስፋትና ዝምድና ለየብቻ የሚገምተው) 21 ፓራሜትር ይጠይቃል፣ ለ24 በግ ይህ ቅንጦት ነው። በኮምፓውንድ ሲሜትሪ ላይ የበግ ራንደም ኢንተርሴፕትም (ለየበጉ የራሱን መነሻ የሚሰጠውን) አትደርቡ። አንዱን ነገር ሁለቴ መጠየቅ ስለሆነ የሄሲያን ማስጠንቀቂያ (ግምቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል) ይመጣል፤ ሠንጠረዡ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይታተማል።

አር በሚባለው ሶፍትዌር ለምትሠሩ፦ ጂኤልኤስ የሚባለው ትዕዛዝ አኖቫ ኮቫሪያንሱ ትክክል ቢሆንም ለመኖው ዲኤፍ 120 ይሰጣል፤ ለዚህ የበግ ቁጥር ኤልመር ቴስት የሚባለው ፓኬጅ ይሻላል።

ሪፖርቱ ላይ የኮቫሪያንሱን ዓይነት፣ የዲኤፉን ስሌት ዘዴና ስንት በግ ስንት ሚዛን እንዳመለጠው ጻፉ። «ዳታው በኤስፒኤስኤስ ተተንትኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ገምጋሚዎቹ ግን እስካሁን በዝምታ ያሳልፉታል።