ሲንክ ውስጥ የበራ ዲዋሊ

ጥቅምት 22 ቀን 2017፣ ማግደቡርግ፣ ጀርመን

ትናንት ዲዋሊ፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል፣ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከህንድ፣ ከአህመዳባድ የመጣች ናት። ወጥ ቤት ስለምንጋራ የእሷ ጣጣ ሁሉ የእኔም ሆኗል።

ልጅቷ የማትቆጥረው ነገር የለም። ዳቦ ከማንሳቷ በፊት ዋጋውን በ90 ታባዛለች፤ ሩፒ መሆኑ ነው። ለቪዛ ብሎክድ አካውንት (አስቀድሞ ተቀምጦ በየወሩ ብቻ የሚለቀቅ ሒሳብ) ያስገባችው 11,904 ዩሮ እነሱ ቤት "ከ10 ላክ በላይ" ነው የሚባለው። ላክ ማለት መቶ ሺህ እንደሆነ ከእሷ ነው የሰማሁት። አባቷ ቤታቸውን አስይዘው ነው የተበደሩት። በየወሩ የሚለቀቅልን እኩል 992 ዩሮ ነው። ልዩነቱ፣ የእኔን የከፈለው አሜሪካ ያለ አጎቴ ነው፤ እኔ እተኛለሁ።

ፍሪጁ ላይ ካላንደር ለጥፋለች። እዚህ እንደ እኛ ያለ የውጭ ተማሪ በዓመት እንዲሠራ የሚፈቀድለት 140 ሙሉ ቀን ነው። ሙሉ ቀን የሠራች ዕለት ኤክስ፣ ግማሽ ቀን ከሆነ አንድ ሰረዝ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንደምትሸከም እናቷ አያውቁም። ላይብረሪ ነው የምሠራው ብላቸዋለች። (እኔ ለእማዬ ምን እንዳልኳት ይቅር።)

ትናንት ፈረቃዋን ቀርታ ምስር ሠራች። እነሱ ማሱር ነው የሚሉት፤ መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት አማርኛ የተናገረች መስሎኝ ነበር። የጋለ ዘይት ላይ ከሙኑን ስትበትነው እንደተለመደው አላርሙ ጮኸ። እኔም እንደተለመደው ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ አራገብኩ።

ዶርም ውስጥ ሻማ ማብራት ክልክል ነው። ስለዚህ ትንንሾቹን ሻማዎች ሲንክ ውስጥ ደረደረቻቸው፣ ካልታጠቡት ሳህኖች አጠገብ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። ባለፈው እሑድ እዚህ ሰዓት ወደ ኋላ ስለተመለሰ ከህንድ ጋር ያለን ልዩነት አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ እናቷ ዘንድ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። አልተኙም። ስልኩን ነበልባሉ አፍንጫ ድረስ አስጠጋችው፣ ቧንቧው እንዳይገባ ዘንበል አድርጋ። እናቷ በጉጃራቲ ብዙ አወሩ።

ስልኩ ሲዘጋ "ምን አሉሽ?" አልኳት።

"ቤተ መቅደስ ነው ወይ አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"አዎ።"

ሻማው ሲያልቅ ሳህኖቹን አጠብን።