ወጡ በዝቶ እንጀራው ሲያንስ

በጾም ይወፈራል። ይህን ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ግን እስቲ ዐቢይ ጾም ሲያልቅ ሚዛን ላይ ውጡ። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ፤ ቀበቶው ግን እዚያው ቀዳዳ ላይ ነው። እኛ ቢሮ እንዲያውም በጾም ቦርጭ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ስም አልጠራም።

ነገሩ ሲከነክነኝ ነው የከረመው። ክብደት መቀነስ ሲነሳ ሁሉም ሰው «ጥራጥሬ አብዢ፤ ያጠግባል፣ ያከሳልም» ይላል። እኛ ደግሞ ጥራጥሬ መቼ ጎደለብን? ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ ከገበታችን ጠፍቶ አያውቅም። አገራችን በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ የምትጠራ ናት። በሽምብራም ከአፍሪካ የሚቀድማት የለም። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቅ ሰው፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ከዓመቱ ግማሽ በላዩን የሚያሳልፈው ከእነዚሁ ጋር ነው። በዚህ ሒሳብ የአዲስ አበባ ቢሮዎች ቦርጭ የሚባል ነገር ባላወቁ ነበር።

የደረስኩበት ይህ ነው፤ ጥራጥሬውን እናጠቅሰዋለን እንጂ አንበላውም።

ልጆች ሆነን እናቴ ገበታ ላይ አንድ ሕግ ነበራት። «ወጡን ቆጠብ፣ እንጀራውን ጠቅለል!» ወጥ የሚያፍስ ልጅ ስሙ ስግብግብ ነበር። እማዬ እውነቷን ነው፤ አንድ ድስት ወጥ ለዚያ ሁሉ አፍ መድረስ ነበረበት። ኑሮው ሲለወጥ ግን እጃችን አልተለወጠም። ዛሬም ጉርሻዬ ያው ነው፤ አንድ ጭብጥ እንጀራ፣ ጫፉ ላይ ቀለም የነካች የምታክል ሽሮ። በዚህ ዓይነት ሁለት እንጀራ የጨረሰ ሰው «ሽሮ በላሁ» ይላል። ሽሮው ግን ዱቄቱ ቢሰፈር ጥቂት ማንኪያ ነው።

ከዚያ ደግሞ ዘይቱ አለ። በጾም ቅቤው ሲቀር ዘይቱ የሁለቱንም ድርሻ ይወስዳል። ምግብ ቤት የሚቀርብ ተጋቢኖ ላይ ቀዩ ዘይት ዳር ዳሩን ሲፈላ አይታችኋል። ያ ነው የሚጣፍጠው፣ አልዋሽም። ግን ስልኬ ላይ ካሎሪ የምትቆጥር አፕ ጭኜ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። አንድ ኩባያ የበሰለ ድፍን ምስር 230 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በውስጡ ወደ 18 ግራም ፕሮቲንና ወደ 15 ግራም አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ለብቻው 120 ካሎሪ። ሁለት ማንኪያ ጠብ ካደረግሽበት ዘይቱ ምስሩን በለጠው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ዘይት በማንኪያ የምንለካ ሰዎች አይደለንም፤ ጀሪካኑን ዘንበል ነው።

ስለዚህ አመጋገቤን ገለበጥኩት። አሁን ወጡ ምግብ ነው፣ እንጀራው ማንኪያ ነው። ግማሽ እንጀራ አነጥፋለሁ፣ ወጡን ጠብሰቅ አድርጌ ነው የምጨምረው። ጤፍ ላይ ቂም የለኝም፤ ጥሩ እህል ነው። ግን ቦታውን ለምስሩ ለቀቅ ማድረግ ነበረበት። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «ዛሬ ወጡን ለኔ አላስቀመጥሽም?» ይል ነበር። ድስቱ ማደግ እንዳለበት የገባን ቆይቶ ነው። ኪሳችን ግን አልተጎዳም፤ ለሥጋ የምናወጣውን የሚያስብ ሰው አንድ ኪሎ ምስር ተወደደ ብሎ አያማርርም። ያማርራል እንዴ? ያማርራል፤ ግን ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ከዱቄት ወደ ድፍን መሄድ ነው። ሽሮ መብላት አላቆምኩም፤ ሽሮ የሚያቆም አበሻ አላውቅም። ነገር ግን ሽምብራው ተከክቶ፣ ገለባው ወጥቶ፣ ዱቄት ሆኖ ሲመጣ ከአሰሩ የሚቀረው ያንሳል። ለማኘክም ሥራ የለውም፤ ሳትጠግቢ ትጨርሺዋለሽ። ድፍኑ ጥርስ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ሆድም ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ነው የሚፈጨው።

በዚህ ምክንያት ከአዚፋ ጋር እንደገና ተዋወቅን። እናቴ በጾም የምትሠራው ነገር ነው፤ እኔ ግን ረስቼው ነበር። ድፍን ምስሩን ለቅሜ እቀቅለዋለሁ፤ ሳይፈርስ፣ ግን በጣት ሲጫኑት እሺ ሲል አወጣዋለሁ። ውኃውን አጠንፍፌ ሲበርድ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ፈጨት፣ ግማሹን እንዳለ። ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጌ፣ ቃሪያ ፍሬውን አውጥቼ፣ ሎሚ ሳልሰስት እጨምቅበታለሁ። ከዚያ ሰናፍጩ። ሰናፍጩ ካልተሰማ አዚፋ አይደለም፤ አፍንጫ ድረስ ሄዶ ዓይን እንባ እስኪያቀርር ነው ልኩ። ዘይት ባይገባበት የሚናፍቀው የለም፤ ቢገባም ጠብታ ይበቃዋል። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ በማግስቱ ይበልጥ ይጥማል። ሎሚው ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ምግቡ ላይ ወዲያው የሚጠጣ ሻይ ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሻዬን ራቅ አድርጌዋለሁ።

ቢሮ የምወስደው ንፍሮ ነው። ሽምብራና ስንዴ ማታ ነክሬ፣ ጠዋት ቀቅዬ፣ ጨው ነስንሼ። ለዚያ ለ4 ሰዓቱ ሻይ ነው፤ ቦምቦሊኖና ሳንቡሳ የሚዞርበት ሰዓት። (ሳንቡሳውን «ምስር አለው እኮ» እያሉ የሚበሉ አሉ። አለው፤ ዘይት ውስጥ ዋኝቶ የወጣ ምስር።) የመጀመሪያው ቀን ሳህኔን ከፍቼ ንፍሮዬን መዘገን ስጀምር ቢሯችንን የሚያጸዱት እትዬ ቆም ብለው አዩኝና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ ማን ሞተብሽ? ሳልሰማ ቀርቼ ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተም እትዬ፤ እንዲሁ ልብላ ብዬ ነው።»

«እንዲሁ? ንፍሮ እንዲሁ ይበላል እንዴ!» ብለው ለማንኛውም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለውኝ ሄዱ።

ንፍሮን ለለቅሶ ቤት ለይተን መተዋችን ያሳዝነኛል። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እንበላለን፣ ልቅሶ ስንደርስ ንፍሮ እንዘግናለን፤ ከዚያ ውጪ ስናየው እንደ ድህነት ነው የምናየው። አሁን እትዬም ከኔ ይዘግናሉ፤ «ጨው አነሰው» የሚሉትም እሳቸው ናቸው።

«ቆሎ ብትይዢ አይሻልም?» ያለችኝ ባልደረባ ነበረች። ቆሎ እወዳለሁ። ግን ያው ሽምብራ ሲቀቀል ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ሲቆላ ደግሞ ውኃው ይወጣል። 100 ግራም የተቀቀለ ሽምብራ 164 ካሎሪ ነው። የተቆላው በዚያው ክብደት ከእጥፍ በላይ ነው። ቆሎ ደግሞ እያወራሽ ሳታውቂው ነው የሚያልቀው። ንፍሮ ጭብጥ ሁለት ጭብጥ ከበላሽ በኋላ እጅሽ ራሱ ይቆማል። ይህን ስነግራት «አንቺ ደግሞ ቆሎንም ነካካሽው» ብላ ተቆጣች።

ስለ ሆድ መነፋትም ዝም ማለት አይቻልም። አባቶቻችን «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ብለው ጨርሰውታል። ምክንያቱ ጥራጥሬ ውስጥ ያሉ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች ናቸው። የሰው አንጀት እነሱን የሚፈጭበት ኢንዛይም የለውም፤ ሳይፈጩ ታች ይወርዱና እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ድግስ ያደርጓቸዋል። ጋዙ የድግሱ ነው። የነከርኩበትን ውኃ ደፍቼ በአዲስ ውኃ ስቀቅል ቀለል ይለኛል። በአንድ ጊዜ ማብዛትም ጥሩ አይደለም። ሰውነት ይለምዳል፤ የመጀመሪያው ሰሞን ግን ረዥም ስብሰባ ካለ ባቄላውን ለማታ ማቆየት ነው። ቀይ ቦሎቄ ደግሞ ለብ ለብ ተደርጎ አይበላም። ጥሬው መርዝነት አለው፤ በደንብ ፈልቶ ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ አለበት።

ጠዋት ጠዋት ፉል ሆኗል ቁርሴ። ካፌ የሚመጣው ከቅቤው፣ ከእንቁላሉና ከዳቦው ጋር ለሁለት ሰው የሚሆን ነው። እቤት ግን ባቄላውን ቀቅዬ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ከሙን አድርጌ ከግማሽ ዳቦ ጋር። ቶሮንቶ ውስጥ ዴቪድ ጄንኪንስ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ነገር አለ። ቁርስ ላይ ምስር የበሉ ሰዎች አራት ሰዓት ያህል ቆይተው ምሳ ሲበሉ የደማቸው ስኳር ዳቦ ቁርስ ከበሉት ያነሰ ነው የጨመረው። የቁርሱ ጥራጥሬ እስከ ምሳ ድረስ ይሠራል ማለት ነው። ፉል በልቼ በወጣሁ ቀን ቦምቦሊኖው ሲዞር ቀና ብዬ የማላየው ለዚህ ይሆናል።

ግን ተአምር አልጠብቅም፤ እናንተም አትጠብቁ። እዚያው ቶሮንቶ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በድምሩ 940 ሰው የተሳተፈባቸውን 21 ሙከራዎች ሰብስበው ነበር። በቀን 130 ግራም ገደማ ጥራጥሬ፣ ለስድስት ሳምንት ያህል። በአማካይ የቀነሰው 0.34 ኪሎ ነው። ሦስት መቶ አርባ ግራም! መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። ቆይቶ ግን ወደድኩት። በቀን አንድ ጭልፋ ጨምረሽ፣ ሳትራቢ፣ ቀስ እያለ የሚወርድ ነገር ነው። በሳምንት 10 ኪሎ እናስወርዳለን ከሚሉት ሻይ ሻጮች ይልቅ ይህን አምናለሁ። እኔ እስካሁን የቀነስኩት ወደ አራት ኪሎ ይሆናል (ሰፈሩን ማለቴ አይደለም)፤ እሱም የጥራጥሬው ብቻ ሳይሆን የዘይቱና የእንጀራው ማነስ፣ ትንሽም የእግር መንገድ ተጨምሮበት ነው።

እናቴ ግን ደስ አላላትም። በር ላይ አይታኝ «ውይ ልጄ፣ ከሳሽ! ምን አገኘሽ?» አለች። ጤነኛ መሆኔን፣ ሆን ብዬ መሆኑን አስረዳኋት። «ሆን ብሎ የሚከሳ ሰው አለ?» ብላ ማዕዱን አቀረበች። እንጀራው ሁለት ተነጥፏል። እኔ ወጡን ሳፍስ ስታየኝ እጇ ወደ እጄ ሄደ፤ የዱሮው ነገር ትዝ ብሏት መሰለኝ። ከዚያ ተወችኝ። ትንሽ ቆይታ ራሷ ጭልፋውን አንስታ ጨመረችልኝ።

ስበላላት አይታ ነው መሰለኝ ጥራጥሬ ላይ ምክሯ መጣ። ግብጦ ልሞክር አስቤያለሁ ብዬ ነግሬያት ነበር። «ግብጦ መራራው እንዲወጣ ተቀቅሎ፣ ለቀናት ተነክሮ፣ ውኃው በየጊዜው እየተቀየረ ነው። ትችይዋለሽ?» አለችኝ። አልችለውም። ባቄላው ይበቃኛል።