ትልቅ ሾፌር ሰፈራችሁ ሲመጣ፦ ከመለማመዳችሁ በፊት ሚዛን ላይ ውጡ

ይሄን የምጽፈው ለእኔ ማንም ስላልነገረኝ ነው። ቅዳሜ ማታ በሰፈር የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ (ትራክ) የምትሮጡ፣ ወይም የእሽቅድምድም መኪና ልገዛ ነው ብላችሁ የምታስቡ ቨርጂኒያና ካሮላይና ያላችሁ ሐበሾች ካላችሁ ስሙኝ። አንድ ቀን በቴሌቪዥን የምታዩት ሾፌር እናንተ ሜዳ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ብዙ ነገር ይለወጣል። የሚለወጠው ደግሞ ትራኩ ላይ አይደለም፤ ከጀርባ፣ መኪናው ደንቡን መጠበቁ የሚታይበት ፍተሻ ጋ ነው።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የስቶክ ካር እሽቅድምድም (መልካቸው የመንገድ መኪና በሚመስል መኪኖች የሚደረገው) ማለት እሁድ እሁድ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትልቁ የናስካር ውድድር ብቻ አይደለም። ዙሩ ከአንድ ማይል በታች የሆነ ሞላላ ሜዳ ሾርት ትራክ ይባላል፣ ስፖርቱ የሚኖረውም እዚያ ነው። ቨርጂኒያ ያለው የሳውዝ ቦስተን ሜዳ 0.4 ማይል ነው፤ ጥሩ ሌት ሞዴል (የሰፈር ሜዳ ላይ የሚሮጥ የስቶክ ካር ዓይነት) በ15 ሰከንድ ገደማ ይዞረዋል። ኖርዝ ካሮላይና፣ ዊንስተን ሴለም ያለው የቦውማን ግሬይ ሜዳ ደግሞ ሩብ ማይል ብቻ ነው፣ የሚዞረው የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ዙሪያ ሲሆን ከ1949 ጀምሮ ናስካር ይሮጥበታል። እዚህ የሚሮጠው አብዛኛው ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባል። እኔም ቀን ቀን ጋራዥ ነው የምሠራው።

ዝግጅቱን ቶሎ ልጨርሰው። መኪናዋ ያገለገለች ሌት ሞዴል ናት፣ መሮጥ ካቆመ ሰው ገዛኋት። ሞተሯ ጂኤም የሚሸጠው 604 የሚባለው ነው፣ 400 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ማኅተሙን ከነካችሁ ከውድድር ትወጣላችሁ፣ ስለዚህ ብራችሁን እሱ ላይ አታጥፉ። ሄልሜት የስኔል ኤስኤ 2020 የሚባለው የደህንነት ምልክት ያለው ግዙ። ቀበቶው ላይ የተሰፋው ቀን ካለፈ አዲስ ቀይሩ። ሃንስ የሚባለውን የአንገት መከላከያ ሜዳችሁ ባያስገድዳችሁም ግዙ፤ ናስካር ግዴታ ያደረገው በ2001 ታዋቂው ሾፌር ዴል ኧርንሃርት ዴይቶና ላይ ከሞተ በኋላ ነው፣ እናንተ ግን የሰው ሞት አትጠብቁ። ፈቃድ፣ አባልነት፣ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ጎማ፤ እነዚህን ከፍላችሁ ትጨርሳላችሁ።

አሁን ወደ ፍተሻው።

ሜዳውን አልጠራም። የመጣውንም ሾፌር ስም አልጠራም፣ እሱ ምንም አላጠፋም። የ150 ዙር ውድድር ነበር። ከዋናው የናስካር ውድድር አንድ ሰው እንደሚመጣ ሲሰማ ሕዝቡ ጎረፈ። ከሳምንት በፊት በኢሜይል የተላከልን የቀኑ መርሐ ግብር ፍተሻ ከመጨረሻው ልምምድ በኋላ፣ በተራ ይላል።

አብረውኝ የነበሩት ወንድሜና ጋሼ ናቸው። ጋሼ ከሶማሌ ተራ ጀምሮ ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪና ሥር የኖሩ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸው ምንም አያመልጠውም። እኩለ ቀን ላይ የትልቁ ሾፌር ጭነት መኪና ገባ። ልጆቹ መኪናዋን አወረዱ። ወደ ልምምድ ይወስዷታል ስንል ቀጥታ እየገፉ ወደ ሚዛኑ ወሰዷት። ፈታሹ ገና ገመዱን እየሰካ ነበር። አራቱን ጎማ አራቱ ሚዛን ላይ አቆሙ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ገፍተው መለሷት። ሾፌሩ ራሱ ገና አልደረሰም።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት? ፍተሻው መቼ ተጀመረ?» አሉኝ ጋሼ።

ሄጄ ጠየቅሁ። እኔም ልመዘን አልኩት። ፈታሹ ያንኑ መርሐ ግብር አውጥቶ አሳየኝ። ከልምምድ በኋላ፣ በተራ። እሺ ብዬ ተመለስኩ።

ልምምዱ ግሩም ነበር። መኪናዋ የምፈልጋትን ሆና ነበር። ከዚያ ተሰለፍን።

ሚዛኑ ለምን እንደሚያስጨንቅ ላስረዳ። ሞላላው ላይ የምንታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ነው። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ግራ ባመዘነ ቁጥር መኪናዋ ኩርባውን ፈጥና ትወጣለች። ሁሉም ወደ ግራ መጫን ይፈልጋል፣ ሜዳዎቹ ደግሞ ገደብ ያበጃሉ። በዚያ ውድድር በግራ በኩል የሚያርፈው ክብደት ገደቡ ከጠቅላላው 58 በመቶ ነበር። የእኔ ጋራዥ ውስጥ፣ በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ፣ 57.8 ነበረች። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ቀዩ ቁጥር 58.2 አለ።

ሾፌሩን ጨምሮ 3,100 ፓውንድ በሚመዝን መኪና 0.2 በመቶ ስንት ነው? ስድስት ፓውንድ ገደማ። ሦስት ኪሎ የማይሞላ።

«ከሰልፍ ውጣ» አለኝ።

ጋሼ አልተከራከሩም። ወደ ዕቃ ሳጥናችን ሄደው ውሃ ልክ ይዘው መጡ። ሚዛኖቹ የተቀመጡበት አስፋልት ላይ በአግድም አጋደሙት። ጠብታዋ ከሁለቱ መስመሮች ወጥታ አንዱ ጠርዝ ላይ ተለጠፈች። መሬቱ ወደ ግራ ተዳፋት ነው። ለዝናብ ውሃ መውረጃ እንዲሆን የተሠራ ማቆሚያ ላይ ሚዛን ዘርግተው ነው በነጥብ ሁለት ሰው የሚያባርሩት። መሬቱ በመኪናዋ ስፋት ልክ አንድ ኢንች ብቻ ቢያዘነብል እንኳ የግራው ክብደት በነጥብ አራት ይጨምራል፤ ይሄን ማንም ጎበዝ መካኒክ አስልቶ ይነግራችኋል።

ፈታሹን ጠርቼ ጠብታዋን አሳየሁት። አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ነው።»

ይሄ አባባል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለሁሉም አንድ የሚሆነው ሁሉም እኩል ቀድሞ ካወቀው ነው። እነዚያ ልጆች ሚዛኑ ስንት እንደሚጨምር እኩለ ቀን ላይ አውቀዋል፣ ክብደታቸውን አስተካክለው በተስተካከለው መኪና ተለማምደዋል። እኛ ያወቅነው ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነው። ይሄን ስነግረው «ጠየቁን፣ መዘንንላቸው» አለኝ። እኔም ጠይቄህ ነበር አልኩት። «አንተ ወረቀቱን አይተሃል» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። አለቃውን አስጠራሁ። አለቃውም መጣ፣ ሰዓቱን አየ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ክብደት የምንጨምረው በእርሳስ ነው፤ እርሳሱ ነጭ ይቀባል፣ የመኪናው ቁጥር ይጻፍበታል፣ በብሎን ይታሰራል፣ ወድቆ ሌላውን እንዳይመታ። ጋሼ ጠጠሩ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከግራው ሻንሲ ላይ 15 ፓውንዱን ፈቱት። አንዷ ዳዶ እንቢ አለች። ወንድሜ ከላይ ቁልፉን ይዞ፣ እሳቸው ከታች እየታገሉ፣ ከሰልፉ ወዲያ ማዶ ማጣሪያው (የመነሻ ቦታ የሚወሰንበት ሩጫ) ሲጀመር የሞተሮቹ ድምፅ ይሰማናል። እርሳሱን ወደ ቀኝ አዛውረን፣ ተጋግዘን ገፍተን፣ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምን። በነጥብ ሁለት የሳተ ሰው ወደ ተራው ይመለሳል የሚል ደንብ የለም። መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው።

ሁለተኛው ንባብ 57.7። አለፍን። በሩ ጋ ስንደርስ ሰንሰለቱ ተዘግቷል። ማጣሪያው አልቋል። «ከኋላ ትነሳለህ።»

አንጀቴ አረረ። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ልጃቸው የሚሮጥ፣ ሁኔታዬን አይተው ስለ ዌንዴል ስኮት አነሱልኝ። የዳንቪል ቨርጂኒያ ሰው፣ ጥቁር ሾፌር፣ እዚሁ ትናንሽ ሜዳዎች ላይ ያደገ። በታኅሣሥ 1963 ጃክሰንቪል ላይ አሸነፈ፣ ዳኞቹ ግን ድሉን ለሌላ ሰው ሰጡ። ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ነው ዙሩን ተሳስተን ቆጥረናል ያሉት። በ1990 እስኪሞት ድረስ ዋንጫውን አላየም፤ ቤተሰቡ ምትኩን የተቀበለው በ2021 ነው። የእኔ ጉዳይ ከእሱ ጋር አይወዳደርም፣ ሽማግሌውም ይሄን ለማለት አልነበረም። «ወረቀትህን ያዝ፣ ሁሉንም ጻፍ» ነው ያሉኝ። ያን ቀን ጀምሮ ሁሉንም እጽፋለሁ፤ የሚዛኑን ንባብ፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለ።

ውድድሩ ራሱ ጥሩ ነበር፣ እኮራበታለሁም። ከመጨረሻ ተነሳሁ። ግማሽ አካባቢ ወንድሜ በሬዲዮ «አንደኛው ሰውዬ ዙር ሊደርብህ ከኋላህ ነው፣ የውስጡን መስመር ልቀቅለት» አለኝ። ትልቁ ሾፌር ነው። ለቀቅሁለትና ተከትዬ አየሁት። ኩርባው ጋ ሲደርስ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ እግሩን ከነዳጁ ያነሳል። የመኪናውን መሪ እምብዛም አያንቀሳቅስም። ጎማው አይጮህም። ከኩርባው ሲወጣ እግሩን የሚጭነው ቀስ ብሎ ነው፣ ድምፁ አንዴም አይቆራረጥም። ፍጥነት የሚያጠፋ ይመስላል፣ ግን ይርቃችኋል። ዓይኔ እስካየው ድረስ እንደ እሱ ቀድሜ እግሬን እያነሳሁ ነዳሁ። መጨረሻዎቹ 40 ዙሮች ላይ ከፊቴ ያሉት የቀኝ የኋላ ጎማቸውን ጨርሰው ሲንሸራተቱ የእኔ ገና ነበረው፣ አንድ በአንድ አለፍኳቸው። 12ኛ ወጣሁ።

እና ትልቁ ሾፌር አላሸነፈም። ሁለተኛ ነው የወጣው፤ ያሸነፈው በየሳምንቱ አብሮን የሚሮጥ የሰፈር ልጅ ነው። ይሄ ብርቅ አይደለም። ኖርዝ ካሮላይና ያለው የኖርዝ ዊልክስቦሮ ሜዳ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ2022 ሲከፈት ዴል ኧርንሃርት ጁኒየር (የሟቹ የዴል ልጅ፣ እሱም ታዋቂ ሾፌር) በሌት ሞዴል ገብቶ ሦስተኛ ወጣ፣ ያሸነፈው ካርሰን ክቫፒል የሚባል ወጣት ነበር። ጆሽ ቤሪ የሚባለው ሾፌር ዓመታት ሾርት ትራክ ላይ ሲሮጥ ኖሮ በ2025 ላስ ቬጋስ ላይ በዋናው የናስካር ውድድር አሸነፈ። ፒት (መኪኖቹ የሚዘጋጁበት ግቢ) ውስጥ «እነዚህ ሰዎች መጥተው የእኛን ሽልማት ይወስዱብናል» የሚል ብዙ ነው። አልስማማም። ይምጡ። አንድ ማታ ከኋላው መንዳት ብዙ ቅዳሜ ብቻህን ከመዞር ይበልጣል። የእኔ ቅሬታ ከሾፌሩ ጋር ሳይሆን ለእሱ ሲሆን ወረቀቱን የሚያጥፉ፣ ለእኛ ሲሆን ወረቀቱን የሚያነቡ ሰዎች ጋር ነው። ደግሞ ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። በ2013 ፔንሳኮላ ላይ፣ ስኖውቦል ደርቢ የሚባለው ትልቁ የሾርት ትራክ ውድድር ላይ፣ የታዋቂው ሾፌር የቢል ኤሊየት ልጅ ቼስ ኤሊየት አንደኛ ሆኖ ገብቶ ፍተሻው ላይ የተከለከለ ቱንግስተን (ከእርሳስ የሚከብድ ብረት) መኪናው ውስጥ ተገኘ፤ ድሉ ተነጥቆ ለኤሪክ ጆንስ ተሰጠ። ስም አልተመረጠም።

ስለዚህ መርሐ ግብሩ ምንም ቢል፣ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ መኪናችሁን ወደ ሚዛን ግፉ። ተራህን ጠብቅ ቢሏችሁ «ቁጥሩን ለማየት ብቻ ነው» በሉ፣ አሁንም እንቢ ካሉ ሌላ ሰው ሲመዘን አጠገቡ ቆማችሁ ስልካችሁን አውጡ። ውሃ ልክ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ይኑር። ልምድ ያላቸው ሰዎች ገደቡ ጫፍ ድረስ ሂድ ይሏችኋል፣ እኔ ግን የእንግዳ ሚዛን በሚመጣበት ቀን 57.5 ላይ ነው የማቆመው፤ በነጥብ አምስት የምታጡት ፍጥነት ማጣሪያ ካለመግባት ጋር አይነጻጸርም። እርሳሱንም በቀላሉ የሚደረስበት ቦታ እሰሩት፣ ዳዶውን በየወሩ ፍቱና ቅባት አድርጉበት። ቅሬታ ካላችሁ ውድድሩ ሳይጀመር በጽሑፍ ስጡ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ለሜዳው ደብዳቤ ጽፌያለሁ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ ሚዛኑ የሚቀመጥበት ቦታ ተስተካክሎ በቀለም ይሰመር፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ሰዓት ሚዛኑ ለሁሉም ክፍት ይሁን። የውሃ ልኩን ፎቶም አያይዣለሁ። እስካሁን መልስ የለም። ቅዳሜ በሩ ላይ ሳገኛቸው እጠይቃቸዋለሁ፣ የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚሁ።