«ለንስሐ አባትሽ እንዳትነግሪ» ካላት «ባሕታዊ» የዳነች እኅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በባሕር ዳር በአንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት የምናገለግል ነን። የአንዲት እኅታችንን ምስክርነት በፈቃዷ እናካፍላችኋለን፤ ስሟን አቆይተነዋል።

ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ ታድራለች። ልጅ ሳትወልድ ቀርታ ስታዝን በአንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ የክርስትና ስሟን ጽፋ «ጸልዩልኝ» አለች። ብዙም ሳይቆይ «ከጣና ገዳማት የወጣሁ ባሕታዊ ነኝ» የሚል ሰው ደወለላት። ልጅ እንደሌላት፣ እናቷ እንዳረፉ፣ እሳት ዳር ውላ እንደምትገባ ሳትነግረው ነገራት። ደነገጠች፤ ማን አይደነግጥ!

ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። «የማያውቀኝ ሰው ምስጢሬን ካወቀ ከእግዚአብሔር ነው» ብሎ ይደመድማል። ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ያለችው የፊልጵስዩስ ገረድ ስለነ ጳውሎስ የጮኸችው ሐሰት አልነበረም፤ «የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» ነው ያለችው። ያደረባት ግን የምዋርተኝነት መንፈስ ነበር፤ ለጌቶቿም ብዙ ትርፍ ታስገኝ ነበር። ጳውሎስ እውነት ተናገረች ብሎ አልተቀበለውም፤ አስወጣው። የእኅታችን ነገር ደግሞ እስከ መንፈስም አይደርስም። የእናቷ ሙት ዓመት ፎቶ፣ የመጥበሻዋ ቪዲዮ፣ ሁሉም ፌስቡኳ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው አካሄድ ያው የተለመደው ነው። መጀመሪያ ማስፈራራት፦ «መተት ተደርጎብሻል፣ ደጃፍሽ ላይ የተቀበረ ነገር አለ።» ቀጥሎ ለጧፍና ለዕጣን ትንሽ ብር፤ አንዴ የሰጠ ሰው የጀመርኩት እንዳይቀርብኝ ብሎ እንደሚጨምር አጭበርባሪዎቹ ያውቃሉ። ከዚያ ማጣደፍ፦ «ነሐሴ 1 ሱባዔው ሳይገባ!» ከሁሉ የሚከፋው ግን ምስጢር ማስጠበቁ ነው፦ «ለባልሽም ለንስሐ አባትሽም እንዳትነግሪ፣ በረከቱ ይርቅሻል።» የገዳም መነኩሴ እንኳ ያየውን ራእይ ለአበ ነፍሱ ሳይገልጥ አይከተለውም። ሰይጣን «ገብርኤል ነኝ፣ ወደ አንተ ተልኬ ነው» ብሎ ቢገለጥለት፣ ከቀደሙት አባቶች አንዱ «ወደ ሌላ ተልከህ እንዳይሆን፤ እኔስ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ አይደለሁም» ብሎ አሳፍሮታል። ስለዚህ አትንገሪ የሚል ቃል ሲመጣ ሌላ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን መንገር ነው።

እርሷ ግን ፈራች። ለገዳሙ መባ ብሎ 30,000 ብር ሲጠይቃት ሌሊት ተነሥታ በኪዳነ ምሕረት ሥዕል ፊት ቆመች፦ «እመቤቴ፣ ከልጅሽ ከሆነ አጽኚኝ፣ ካልሆነ ግለጪልኝ።» መልሱ በሕልም አልመጣም። በማግሥቱ ሰውዬው ራሱ በአንደበቱ አመጣው፦ «ብሩ ሲገባ ክብራን ገብርኤል እወስድሻለሁ፣ እዚያው ሱባዔ ትይዣለሽ።»

ክብራን ገብርኤል የጣና ደሴት ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም! የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሴቶች አጠገቡ ያለውን እንጦስን ይሳለማሉ፣ ወይም ዘጌ ተሻግረው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን። «አባቴ፣ አበምኔቱ ማን ይባላሉ?» አለችው። ተቆጣ፣ ረገማት፣ ዘጋው። እርሷም ያን ዕለት ባሏን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ብሩን ልትልክ አንድ ቀን ነበር የቀራት።

ለሌሎቻችሁ እንዲጠቅም፦ ለገዳም የሚሰጥ ገንዘብ በገዳሙ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል፣ ወይም ማኅተምና ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይቆረጣል፤ በግለሰብ ቴሌብር አይላክም። «የፈቃድ ደብዳቤ አለኝ» የሚል ካለ በስልክ የተላከ ፎቶ አይበቃም፣ ማኅተም ከሌላ ወረቀት ይነሣል። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይዛችሁ ሀገረ ስብከት ሄዳችሁ ጠይቁ። ጸሎትና ጠበል ዋጋ ከተተመነለት ደግሞ ማቴዎስ 10፥8ን አስታውሱ፦ «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ።»

አንድ ነገር ብዙዎች ይስቱታል፤ በንዴት ቶሎ ብሎክ ያደርጋሉ። ቴሌግራም ላይ ላኪው የጻፈውን ከእናንተም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሡ፣ የላካችሁት ብር ካለ የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር ያዙ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ።

ለጧፍ ብላ የላከችው ብር አልተመለሰም። ፍልሰታን በአጥቢያዋ እያስቀደሰች ከባሏ ጋር ጾመች፣ ንስሐ አባቷ እንደመከሯቸውም ሁለቱም ሐኪም ዘንድ ሄደው ምርመራ ጀምረዋል። ልጅ ገና አልወለደችምና በጸሎታችሁ አስቧት።