ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሐር በቢሽክሌታ

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሐውልት አጠገብ ቆሜ ፍሬን ፈተሽኩ። ሳይክሏን ያዋሰኝ የአክስቴ ልጅ ነው። «ካቴናዋ ትንሽ ላልቷል፤ ማርሽ ስትቀይር ቀስ በል። ጎማዋን ደግሞ ሞላ አድርገው» ብሎኝ ነበር። ፍሬን፣ ካቴና፣ ማርሽ፣ ጎማ፤ አባቴ ደግሞ እስከ ዛሬ «ቢሽክሌታ» ነው የሚላት። ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። እዚያ ሐውልት ሥር ሳስበው ቃላቱ አፌ ውስጥ ከበዱኝ።

ከሐውልቱ ወዲያ ያለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የያኔው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል የአዲስ አበባ ሰው በየቤቱ ተቃጠለ፤ በጥይት ብቻ ሳይሆን በአካፋና በዶማም ተጨፈጨፈ። በዚህ አደባባይ በታክሲ ስንት ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ! በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ሰዎች ፊት ግን አንድ በአንድ አይቼ አላውቅም። በሳይክል አንድ ጊዜ ዞርኩት። ሁለተኛውን ዙር ወርጄ፣ ሳይክሏን እየገፋሁ በእግሬ ዞርኩ።

ሳይክሏን በር ላይ ለጥበቃው አደራ ሰጥቼ ወደ ግቢው ገባሁ። ማየት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ፋሺስቶች ሥልጣን ላይ የቆዩበትን ዓመት እየቆጠሩ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየጨመሩ የሠሩትን ደረጃ። ሽቅብ ይወጣል፣ የትም አያደርስም። አናቱ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል። ደረጃውን ማፍረስ ይቻል ነበር። ያላፈረሱት ሰዎች ጥሩ አድርገዋል እላለሁ።

ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ፔዳል መምታት አያስፈልግም። አምስት ኪሎን፣ ድንቅነሽ ያለችበትን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ጥላ የሚያጠሉትን ዛፎች ሁሉ ነፋስ ፊቴን እየመታኝ አለፍኳቸው። አራት ኪሎ ስደርስ ሚያዝያ 27 ሐውልት ላይ ቀና አልኩ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ በድል የተመለሱትም ልክ በአምስት ዓመቱ በዚያው ቀን። ከስድስት ኪሎው ሰቆቃ እስከ አራት ኪሎው ድል በሳይክል ጥቂት ደቂቃ ነው። የኖሩት ሰዎች ግን አራት ዓመት ከሁለት ወር ጠብቀውታል።

ወደ ፒያሳ በአዲሱ የሳይክል መስመር ወረድኩ። ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ በኋላ ግን ዳገቱ ይቀጣል። ማርሹን ቀስ ብዬ ቀየርኩ፣ ካቴናው ወለቀ። ጣቴ በግራሶ ጠቁሮ መልሼ ሳስገባ አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው ያዩኛል።

«ቢሽክሌታህን ገልብጣት እንጂ ልጄ። በመሪዋና በኮርቻዋ አቁማት።»

ገለበጥኳት። ካቴናው በአንድ ዙር ገባ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባባ። እርስዎም ይነዱ ነበር?»

«በኪራይ ነዋ! በሳንቲም፣ በዙር። የገረመው ደንቦባ ጊዜ ልጆች ነን እኮ።»

ገረመው ደንቦባ፣ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሎምፒክ የጋለበው ብስክሌተኛ ነው። ስሙን ሲጠሩ ወገባቸው ቀና አለ። ሰፈራቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር። «ነበር» ሲሉ በከዘራቸው የጠቆሙት ክፍት ቦታ ላይ አሁን ሣርና መብራት አለ። የሳይክሉ መስመር ደስ ብሎኛል፣ ልጅ ይዤም እመለስበታለሁ፤ ያንን ጠባብ ሰፈር ከነድምፁ ግን እናፍቀዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ማኪያቶ ጠጥቼ ወደ ጊዮርጊስ ወጣሁ። የምኒልክን ሐውልት ፋሺስቶች ነቅለው ቀብረውት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ወጥቶ ቦታው ላይ ቆመ። አሁን ከጎኑ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ከዚያ ወደ አቡነ ጴጥሮስ አደባባይ ተጠመዘዝኩ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች «አርበኞችን አውግዝ» ሲሏቸው ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ አውግዘው የተረሸኑት አባት ናቸው። ለባቡሩ ሥራ ሲባል ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ተመልሷል። ሳይክሏን አስደግፌ ቆብ አወለቅኩ።

የቸርችል ቁልቁለት ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ጀምሮ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከዚያም እስከ ብሔራዊ ቴአትር መንገዱ እንደ ገመድ ተዘርግቷል። በሁለት እጄ ፍሬን ይዤ፣ ጎማው እየዘመረ ለገሐር ወረድኩ። የለገሐሩ የይሁዳ አንበሳም ተማርኮ ሮም ተወስዶ ነበር። በ1930 ዓ.ም. አርበኛው ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው እሱ በቆመበት፣ በሮም አደባባይ ነው። አንበሳው ከዓመታት በኋላ አገሩ ገባ። ወርቃማ ጀርባው ላይ የአሥር ሰዓት ፀሐይ አርፎ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ከላስቲክ ያወጣሁትን ቆሎ ጨረስኩ።

መመለሻው ሁሉ ዳገት ነው። ወደ ታክሲ ተራው ሳይክሏን እየገፋሁ ስሄድ አንድ ረዳት ከሩቅ ጮኸ።

«ስድስት ኪሎ ነህ ወንድሜ? ና፣ ፖርቶመጋላ ላይ እንጭናታለን!»

ፖርቶመጋላ። ይህም ቃል ከጣሊያኖቹ የመጣ ነው። እሱ ከላይ ሆኖ መሪዋን ያዘ፣ እኔ ከታች ጎማዋን ገፋሁ።